ፎጣ አቀባዩ

«ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» ይባላል። ተረቱ የሚነገረው ማንም ሳይፈልገው «አለሁ» እያለ ራሱን ለሚያቀርብ ሰው ነው። በወጉ መሠረት ሰው ሲጠሩት ይመጣል፤ ሲልኩት ይሄዳል። ሳይጠራ የመጣ እንግዳ ግን መቀመጫ እስኪያገኝ ድረስ በበሩ አጠገብ ቆሞ በብዙ ዐይን ይለካል። ይሁን እንጂ በዓለም ላይ ያሉት በሮች ሁሉ በጥሪ ብቻ የሚከፈቱ ቢሆኑ ኖሮ ብዙ ሰው ውጭ ቆሞ በቀረ ነበር። ሳይጠሩ መሄድ የሚያሳፍርበት ጊዜ እንዳለ ሁሉ፣ ሳይጠሩ መሄድ ግድ የሚሆንበት ጊዜም አለ። የሁለቱ ልዩነት የሚታወቀው ሰውየው ከገባ በኋላ በሚሠራው ሥራ ነው።

ይህንን ከሚያስረዱት ታሪኮች አንዱ የተጀመረው በአሜሪካ፣ አርካንሳስ በምትባለው ግዛት ውስጥ በሚገኝ አንድ አነስተኛ ኮሌጅ ነው። ታሪኩ የቅርጫት ኳስ ታሪክ ስለ ሆነ አስቀድሞ ስለ ጨዋታው ጥቂት መናገር ያስፈልጋል።

ቅርጫት ኳስ ከጥንት ጀምሮ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ጨዋታ አይደለም፤ የተፈጠረበት ዘመንና ቦታ፣ የፈጠረውም ሰው ስም በትክክል ይታወቃል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1891 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ጄምስ ናይስሚዝ የተባሉ መምህር በማሳቹሴትስ ግዛት፣ በስፕሪንግፊልድ ከተማ ያስተምሩ ነበር። በበረዶው ወራት ተማሪዎቻቸው ከቤት ውጭ መጫወት ስላልቻሉ በአዳራሽ ውስጥ የሚጫወቱት አዲስ ነገር ማሰብ ነበረባቸው። ኮክ ይለቀምባቸው የነበሩ ሁለት ቅርጫቶችን በአዳራሹ ግራና ቀኝ ከፍ አድርገው ሰቀሉ፤ 13 ሕጎችንም ጻፉ። ጨዋታው ከዚያች አዳራሽ ወጥቶ ወደ ኮሌጆች፣ ከኮሌጆችም ወደ ዓለም ሁሉ ተዛመተ።

በአሜሪካ ኮሌጆች ዘንድ ጥሩ ተጫዋች እንደ ብርቅ ዕቃ ይፈለጋል። ታላላቆቹ ኮሌጆች በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ሰው እየላኩ ረጃጅሞቹንና ፈጣኖቹን ልጆች ያስመርጣሉ። የተመረጠው ልጅ ነጻ የትምህርት ዕድል ያገኛል፤ የትምህርቱ ክፍያ፣ ምግቡና መኝታው ይቻልለታል። ይህ ልጅ የተጠራ ነው። ማንም ያልጠራው ልጅ ግን፣ መጫወት ከፈለገ፣ በራሱ ወጪ ወይም በሌላ ርዳታ ኮሌጅ ገብቶ «እስቲ ሞክሩኝ» ብሎ አሠልጣኙን መለመን አለበት። እንዲህ ያለውን ተጫዋች አሜሪካውያን «ዎክ ኦን» ይሉታል፤ በእግሩ መጥቶ የገባ እንደ ማለት ነው። በእግሩ የገባ ተጫዋች በልምምድ ጊዜ ከሌሎቹ እኩል ይደክማል፤ በጨዋታ ቀን ግን ብዙውን ጊዜ ከአግዳሚው ወንበር ላይ ሳይነሣ ይመሻል። ነገ ቦታው ለሌላ ቢሰጥ የሚሟገትበት ውል የለውም።

ስኮቲ ፒፐን የተወለደው በ1965 ዓ.ም. በደቡብ ምሥራቅ አርካንሳስ በምትገኘው ሃምበርግ በተባለች ትንሽ ከተማ ነው። ለወላጆቹ 12ኛና የመጨረሻ ልጅ ነበር። አባቱ በወረቀት ፋብሪካ ተቀጥረው ይሠሩ ነበር። ስኮቲ ገና ሕፃን ሳለ ከታላላቅ ወንድሞቹ አንዱ በትምህርት ቤት በደረሰበት ጉዳት ሰውነቱ ሽባ ሆኖ ቀረ። ከዓመታት በኋላ ደግሞ አባቱ በድንገተኛ የአንጎል ሕመም ተመትተው ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ አለ፤ አንደበታቸውም ተያዘ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ውስጥ ሁለት ተሽከርካሪ ወንበሮች ነበሩ። የሚያነሣውና የሚያስቀምጠው፣ የሚያጥበውና የሚያጎርሰው የቤተ ሰቡ እጅ ነበር። በእንዲህ ያለ ቤት ያደገ ልጅ ሰውን ማገልገል ምን እንደ ሆነ ከመጽሐፍ መማር አያስፈልገውም።

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስኮቲ የቅርጫት ኳስ ቡድን አባል ነበር። በመጨረሻው ዓመት ኳስ እየነዳ ለጓደኞቹ የሚያከፋፍለውን ቦታ ይዞ ይጫወት ነበር። ቁመቱ 1 ሜትር ከ85 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ሰውነቱ እጅግ ቀጭን ነበር። ይህ ቁመት በሌላ ሥራ ላይ ረጅም ያሰኛል፤ በቅርጫት ኳስ ሜዳ ላይ ግን ማንንም አያስደንቅም። ትምህርቱን በ1983 ዓ.ም. ሲጨርስ አንድም ኮሌጅ «ና» ብሎ አልጠራውም።

ታሪኩ በዚህ ሊያበቃ ይችል ነበር። ከሃምበርግ ልጆች ብዙዎቹ እንዳደረጉት ወደ ፋብሪካ ሄዶ መቀጠር የተከፈተ መንገድ ነው። ነገር ግን የትምህርት ቤቱ አሠልጣኝ ዶናልድ ዌይን ልጁን አልተዉትም። ኮንዌይ በተባለችው ከተማ በማዕከላዊ አርካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ያሠለጥኑ ለነበሩት ለዶን ዳየር ስለ እርሱ ነገሯቸው። ነጻ የትምህርት ዕድል አልተገኘም። የተገኘው መንግሥት ለችግረኛ ተማሪዎች የሚሰጠው ድጎማና የኪስ ገንዘብ የሚያስገኝ አንድ ሥራ ነበር። ሥራውም የቡድኑ «ማናጀር» መሆን ነው።

«ማናጀር» የሚለው ቃል ሲሰማ ሰፊ ቢሮ፣ ትልቅ ጠረጴዛና ደጅ የሚጠና ባለጉዳይ በዐይነ ኅሊና ይታያል። በኮሌጅ የስፖርት ቡድን ውስጥ ግን የቃሉ ፍች ሌላ ነው። ማናጀር የሚባለው ከሁሉ ቀድሞ መጥቶ ኳሶቹን የሚያወጣ፣ ከሁሉ በኋላ ቀርቶ የሚሰበስብ፣ ለደከመው ተጫዋች ውሃ የሚሰጥ፣ ላቡን የሚጠርግበትን ፎጣ የሚያቀብል፣ የቆሸሸውን መለያ ለእጥበት የሚያከማች ተማሪ ነው። ስሙ የአዛዥ፣ ግብሩ የታዛዥ ነው።

ለ18 ዓመት ወጣት ይህ ሥራ ቀላል አይደለም፤ የሚከብደውም ድካሙ አይደለም። እኩዮቹ በሕዝብ ፊት ሲሮጡና ሲጨበጨብላቸው እርሱ ከአግዳሚው ጫፍ ላይ ፎጣ ይዞ ይቀመጣል። ተጫዋቹ ፎጣውን ሲቀበል የሚያቀብለውን ሰው ፊት ቀና ብሎ ላያይ ይችላል። እንዲህ ባለው ቦታ ላይ የተቀመጠ ሰው ሁለት ዓይነት ይሆናል። አንደኛው በሥራው እያፈረ ዐይኑን መሬት ላይ ይተክላል፤ ሁለተኛው ዐይኑን ሜዳው ላይ ይተክላል። ለሁለተኛው ያ የአግዳሚ ጫፍ ከሁሉ የተሻለ የትምህርት ቦታ ነው። በጨዋታው ውስጥ ያለ ሰው የሚያየው ከፊቱ ያለውን ተጋጣሚ ነው፤ ከዳር የተቀመጠ ግን ዐሥሩንም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ ያያል።

ስኮቲ ዐይኑን ሜዳው ላይ ከተከሉት ወገን ነበር። ፎጣ እያቀበለ ልምምዱን አልተወም። ጥቂት ተጫዋቾች ቡድኑን በለቀቁ ጊዜ አሠልጣኙ ክፍት ቦታ አገኙ፤ የዕቃ ያዡም ልጅ በዚያ ቦታ ገባ። በመጀመሪያው ዓመት በአማካይ በየጨዋታው ያስቆጠረው ነጥብ 4.3 ብቻ ነበር። ይህን ቁጥር ያየ ሰው የዓለም ጋዜጦች ስለዚህ ልጅ አንድ ቀን ይጽፋሉ ብሎ አይጠብቅም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ግማሹ የትጋት፣ ግማሹ የተፈጥሮ ሥራ ነው። ስኮቲ ኮሌጅ ከገባ በኋላ ቁመቱ እየጨመረ ሄደ፤ ትምህርቱን ሊጨርስ ሲቃረብ ሁለት ሜትር ያህል ሆኖ ነበር። እዚህ ላይ እውነቱን መሸሸግ አይገባም። በትጋት ቁመት አይጨመርም፤ ማንም ወጣት ከማለዳ እስከ ማታ ቢለማመድ አንዲት ጣት እንኳ መርዘም አይችልም። ቁመቱ ስጦታ ነበር። ይሁን እንጂ ስጦታው በመጣ ጊዜ ባለቤቱን ባዶ እጁን አላገኘውም። ከልጅነታቸው ጀምሮ ረጅም የሆኑት ተጫዋቾች አብዛኛውን ጊዜ ከቅርጫቱ ሥር ቆመው ኳስ መጠበቅን ብቻ ይማራሉ። ስኮቲ ግን አጭር በነበረበት ዘመን የአጭሮችን ሙያ ተምሯል፦ ኳስ እየነዱ መሮጥን፣ ክፍት ቦታ ማየትን፣ ለጓደኛ አመቻችቶ ማቀበልን። አሁን ያ ሙያ በረጅም ሰው አካል ውስጥ ተገኘ። እንዲህ ያለው ነገር በዚያ ዘመን እምብዛም የማይታይ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት አማካዩ 18.5 ነጥብ ደረሰ። በአራተኛውና በመጨረሻው ዓመት 23.6 ነጥብ ሲያስቆጥር፣ ከቅርጫቱ ነጥረው ከሚመለሱት ኳሶች በየጨዋታው 10 ያህል ይይዝ ነበር። ያም ሆኖ ስሙ ከአርካንሳስ ውጭ አልታወቀም። ኮሌጁ ይጫወት የነበረው ከትንንሽ ኮሌጆች ማኅበር ጋር ነው፤ የቴሌቪዥን መሣሪያ የሚተከለው ደግሞ ታላላቆቹ በሚጋጠሙበት አዳራሽ ነው። ከባለሙያ ቡድኖች ማኅበር ያልታወቁ ተጫዋቾችን የመፈለግ ሥራ የተሰጣቸው ማርቲ ብሌክ የተባሉ ሰው ግን ወሬውን ሰሙ። በ1987 ዓ.ም. የጸደይ ወራት ፖርትስመዝ በተባለችው የቨርጂኒያ ከተማ ትምህርታቸውን የሚጨርሱ ተጫዋቾች ለሙከራ ሲሰበሰቡ ስኮቲም ተገኘ። በእርሱ ዘንድ ለኳስ የተላከ ጥሪ ሲደርስ ይህ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር።

የባለሙያ ቡድኖች ከኮሌጅ የሚወጡትን ተጫዋቾች በየዓመቱ በተራ ይመርጣሉ። በ1987ቱ ምርጫ ስኮቲ ፒፐን ከአገሩ ተጫዋቾች ሁሉ 5ኛ ሆኖ በሲያትል ቡድን ተመረጠ፤ በዚያው ዕለትም በልውውጥ ወደ ቺካጎ ቡልስ ተዛወረ። ከዚያ በኋላ ያለው ብዙ ሰው የሚያውቀው ታሪክ ነው። ከማይክል ጆርዳን ጋር ሆኖ ቡድኑ ከ1991 እስከ 1993፣ እንደገናም ከ1996 እስከ 1998 ዓ.ም. በጠቅላላው ስድስት ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ። በ1992 በባርሴሎና፣ በ1996 በአትላንታ የኦሊምፒክ የወርቅ ሜዳሊያ አገኘ።

ተረት ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ «ትሑት የነበረው ከፍ ከፍ አለ» ተብሎ ይጠናቀቅ ነበር። የእውነተኛ ሰው ሕይወት ግን እንደ ተረት አይጠናቀቅም።

በ1993 ዓ.ም. መኸር ማይክል ጆርዳን ጨዋታ ማቆሙን ስለ ገለጠ የቡድኑ ሸክም በፒፐን ትከሻ ላይ ወደቀ፤ እርሱም በሚገባ ተሸከመው። በግንቦት ወር 1994 ቺካጎና ኒውዮርክ በብርቱ ተፋጠጡ። ቺካጎ በተከታታይ ሁለት ጊዜ ተሸንፎ ነበር። በሦስተኛው ጨዋታ ላይ ሰዓቱ 1.8 ሰኮንድ ብቻ ሲቀረው ነጥቡ 102 ለ102 እኩል ሆነ። አሠልጣኙ ፊል ጃክሰን ተጫዋቾቹን ሰብስበው የመጨረሻውን ኳስ ቶኒ ኩኮች እንዲወረውር፣ ፒፐን ደግሞ ከሜዳው ጠርዝ ሆኖ ኳሱን እንዲያቀብለው አዘዙ። ዓመቱን በሙሉ ቡድኑን ሲመራ የቆየው ሰው ይህ ትእዛዝ እንደ ንቀት ሆኖ ተሰማው። ከአግዳሚው ላይ ተቀመጠ፤ ወደ ሜዳው ሳይመለስም ቀረ። ሌላ ተጫዋች ገብቶ ኳሱን አቀበለ፤ ኩኮች ወረወረ፤ ገባ። ቺካጎ 104 ለ102 አሸነፈ።

የአሸናፊዎቹ መልበሻ ክፍል ግን የደስታ ክፍል አልነበረም። ከቡድኑ አንጋፋዎች አንዱ የሆነው ቢል ካርትራይት እንባ እየተናነቀው የተሰማውን ሐዘን በሁሉም ፊት ተናገረ። ፒፐንም ጓደኞቹን ይቅርታ ጠየቀ። በሚቀጥለው ጨዋታ ተሰልፎ ቡድኑ እንዲያሸንፍ ረዳ።

የነገሩን ክብደት ለመረዳት ወደ ኮንዌይ መመለስ ያስፈልጋል። ይህ ሰው በኮሌጅ የመጀመሪያ ሥራው ማቀበል ነበር። ለሚጫወቱት ፎጣ አቀበለ፣ ውሃ አቀበለ፣ ኳስ አቀበለ። ከ11 ዓመት በኋላ በዓለም ፊት የተጠየቀውም ሥራ ያው ማቀበል ነበር፤ ያውም ከሁለት ሰኮንድ ላነሰ ጊዜ። ሳይጠሩት አቤት ያለው ሰው ሲጠሩት ዝም አለ።

በዚህ ምክንያት ሰውየውን መኰነን ቀላል ነው፤ ነገር ግን ፍርዱ ትክክል አይሆንም። ማንም ሳይጠራው ከሃምበርግ ወደ ኮንዌይ የሄደው ልጅ በልቡ ውስጥ አንድ ነገር ይዞ ነበር። «እናንተ ባታዩትም እኔ ተጫዋች ነኝ» የሚል ኩራት ነበረው። ያ ኩራት ባይኖር ኖሮ በፎጣው ብቻ ረክቶ በቀረ ነበር። በቺካጎ ከአግዳሚው ላይ ያስቀመጠውም ኩራት ከዚህ የራቀ አይደለም። በአንዱ ቀን በር ያስከፈተ ነገር በሌላው ቀን በር ዘጋ። ራሱ ፒፐን በ2020 ዓ.ም. በታየ ዘጋቢ ፊልም ላይ ነገሩ ባይሆን ይመርጥ እንደ ነበር ተናግሮ፣ ጊዜው ቢመለስ ግን ምናልባት ሌላ እንደማያደርግ ጨምሯል። ቃሉ የተጸጸተ ሰው ቃል ብቻ አይደለም፤ የቀድሞው ያልተጠራ ልጅ ድምፅም ይሰማበታል።

እንግዲህ ሳይጠራ ለሚሄድ ሰው ሁለት ነገሮች ያስፈልጉታል ማለት ነው። ያለ ኩራት ከበሩ አይደረስም፤ ያለ ትሕትና ከበሩ ውስጥ አይሰነበትም። ሁለቱን ለአንድ ቀን መያዝ ይቻላል፤ ዕድሜ ልክ አስማምቶ መያዝ ግን በኳስ ሜዳ ላይ ከሚታየው ሙያ ሁሉ የከበደ ነው። ትሕትና ሲወጡ እንደሚተዉት የመሰላል ደረጃ አይደለም። በታችኛው ቦታ ላይ የተማሩትን በላይኛው ቦታ ላይ በየዕለቱ እንደገና መማር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በላይኛው ቦታ ላይ «ፎጣ አቀብል» ብሎ የሚያዝ ሰው የለም።

ደግሞም ስለ ስኮቲ ፒፐን ብቻ ማውራት ስለሌሎቹ መዋሸት ይሆናል። በእግራቸው መጥተው ከሚገቡት ተጫዋቾች እጅግ የሚበዙት በሁለተኛ ዓመታቸው ሁለት ሜትር አይሆኑም፤ ማንም መራጭ አይመጣላቸውም። በአሜሪካ በርካታ ትንንሽ ኮሌጆች በሚገኙበት በሦስተኛው የውድድር ክፍል በስፖርት ችሎታ የሚሰጥ ነጻ የትምህርት ዕድል ከቶ የለም። በዚያ የሚጫወቱት ወጣቶች ማታ ተለማምደው ሌሊት ያጠናሉ፤ ቅዳሜ በጥቂት መቶ ሰዎች ፊት ይጫወታሉ፤ አራት ዓመት ሲሞላቸው መለያቸውን መልሰው መምህር፣ ነርስ፣ መሐንዲስ ለመሆን ይሄዳሉ። እነዚህ ከሜዳው የሚወስዱት ሀብት በሚዛን አይሰፈርም። ሰዓት ማክበርን፣ ሽንፈት መቻልን፣ ሌላው ሲጨበጨብለት ከልብ አብሮ ማጨብጨብን ተምረዋል። ሳይጠሩ ሄደው ሳይታወቁ የተመለሱ ቢሆኑም ጉዟቸው ከንቱ አልነበረም።

በ2010 ዓ.ም. ስኮቲ ፒፐን በቅርጫት ኳስ የዝና አዳራሽ ስሙ ሰፈረ። አዳራሹ የሚገኘው ናይስሚዝ የኮክ ቅርጫቶቻቸውን በሰቀሉባት በስፕሪንግፊልድ ከተማ ነው። በዚያ የተጻፉት ስሞች ሁሉ ሻምፒዮኖቹን ያስታውሳሉ። ፎጣ ያቀበሏቸው ልጆች ስም ግን አልተጻፈም፤ የአንዱ ብቻ በሌላ ምክንያት ተጽፏል።

ዛሬም በአንድ ትንሽ ኮሌጅ ውስጥ ልምምድ ሲያበቃ መብራቱ ከመጥፋቱ በፊት ኳስ የሚሰበስብ አንድ ተማሪ አለ። ከተሰበሰቡት ኳሶች አንዱን አንሥቶ፣ ማንም ሳያየው፣ ወደ ቅርጫቱ ይወረውራል። ኳሱ ቢገባም ባይገባም ከማጠራቀሚያው የሚመልሰው ያው እርሱ ነው።